ደርሶናል፣ ደህና ነን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከስልክ መስመር ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንጨት ላይ ወጥቼ ሽቦ ስቀጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ አማርኛውን እየተንገዳገድኩም ቢሆን አነበዋለሁ። የፈረንጁን ፊደል ግን አላውቀውም፤ የማውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። የሽቦ ሳጥን ውስጥ ስንት መቶ ጥንድ ሽቦ በቁጥር ለይቶ የሚያገናኝ ሰው ቁጥር አይጠፋበትም። ቁጥር አውቃለሁ ብዬ መኩራቴ ነው ኋላ የጎዳኝ።

ጎፋ ውስጥ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረችን። ልጃችን አንዲት ናት፤ ሚስቴ ከእሷ በኋላ አልወለደችም። ልጅቷ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ኮምፒዩተሮቹን የምትቆጣጠር ሠራተኛ ነበረች። በዘጠና ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ቢሮው አርጅቷል ብሎ የጣለውን አንድ ኮምፒዩተር በታክሲ ጭና መጣችና ከጓዳ አስቀመጠችው።

«ምንድነው ይሄ ሣጥን?» አልኳት።

«ሰርቨር ነው አባዬ። የራሳችን ፖስታ ቤት በለው። ኢሜይል የሚባለውን ደብዳቤ የሚቀበልና የሚልክ።»

«ፖስታ ቤት እኮ ለገሀር አለ።»

«ያ የሁሉም ነው። ይሄ በስማችን ነው። ማን ምን እንደላከልን ሌላ ሰው አያይም።»

የአድራሻውን ስም የምትገዛላት ውጭ አገር ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነበረች፤ በየዓመቱ ይታደሳል አለችኝ። ስም እንደ ቤት የሚታደስበት ዘመን ላይ ደረስን ብዬ ሳቅሁ። «ምን እንበለው?» ብትለኝ የሞተች እናቴን ስም ሰጠኋት። አልተከራከረችም። እናቴ ደብዳቤ ተጽፎላት አያውቅም፤ ስሟ የደብዳቤ ቤት ሆነ።

ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ከእንጨቱ እስከ ጓዳው ድረስ፣ ዝናብ እንዳይነካው ጣሪያው ሥር አስገብቼ፣ አንድም ቦታ ሳልቀጥል። ልጄ ቆማ እያየችኝ «ሣጥኑ የኔ፣ ሽቦው ያንተ» አለች። ያቺን ቀን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መሣሪያው ራሱ ስልክ ይደውላል። በር ጅራቷን የያዛት ድመት ይመስል ይጮሃል፣ ቆይቶ ዝም ይላል። በስማችን የመጣውን ደብዳቤ ከውጭ ተቀብሎ ያስገባል፣ የኛን ይልካል፣ ስልኩን ይዘጋል። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ፣ ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ወር ያለፈውን ደብዳቤ ራሱ ጠርጎ ያጠፋል። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ነው። ሰምቻለሁ፤ ግን እንዳልሰማሁ ሆኖ አለፈ።

በዚያው ዓመት አገባች። ባሏ እዚሁ ከተማ የተወለደ፣ እዚሁ የተማረ ልጅ ነው፤ አባቱ ግን ከመረብ ማዶ የመጡ ነበሩ። ጦርነቱ በግንቦት ተነሣ። በሐምሌ አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዱት፤ ከብዙ ሰው ጋር በአውቶቡስ ጭነው ወደ አባቱ አገር ሰደዱት። ልጄ ገና መፀነሷ ነበር። በመስከረም በሦስተኛ አገር ዞራ ልትከተለው ተነሣች። አትሂጂ አላልኳትም። ባሏ ነው።

ወደዚያ አገር ስልክ ተቆርጧል፤ ፖስታም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠግነው የኖርኩት ሽቦ ለልጄ ድምፅ አልሆነም። የቀረው በውጭ አገር ዞሮ የሚመጣው የጓዳው ደብዳቤ ብቻ ነው። ከመሄዷ በፊት መሣሪያው ፊት አስቀመጠችኝና አንዷ ቁልፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች።

«አባዬ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ይህችን ተጫን። ‹ደርሶናል፣ ደህና ነን› ብሎ ይመልስልኛል። እኔም እንደደረሳችሁ አውቃለሁ።»

«ሌላውንስ?»

«ሌላውን እሱ ያነብላችኋል፤ የምትሉትንም ይጽፍላችኋል።»

እሱ ያለችው የቢሮ ባልደረባዋን ነው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ጭምትና ሰው አክባሪ። ልጄ የምትጽፈው አማርኛ ነው፤ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ግን እኔ አላነበውም። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ሊያነብልን ቃል ገባ።

በር ላይ ሚስቴ ሆዷን ዳሰሰቻትና «ለአራስነት ትመጫለሽ» አለቻት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ፤ በኛ ዘንድ ይህ ወግ አይጣስም።

«ከሆነልኝ እመጣለሁ እማዬ። ብቻ በኔ የተነሣ ሰው እንዳያስቸግራችሁ መጀመሪያ እጠይቃችኋለሁ።»

ሚስቴ በማግስቱ የገንፎውን ገብስ ገዛች። ወንበሯን ከመሣሪያው ፊት አደረገችና ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢዋን ደርባ እዚያ መቀመጥ ጀመረች። ሲጮህ «መጣችልኝ» ትላለች።

እስከ የካቲት እንዲህ ቆየን። ልጅቷ ትጽፋለች፣ ባልደረባዋ ያነባል፣ ሚስቴ ታለቅሳለች፣ እኔ ቀይዋን ቁልፍ እጫናለሁ። በየካቲት ማለቂያ ላይ ባልደረባዋ ለስድስት ሳምንት ለሥራ ክፍለ ሀገር ተላከ። ከመሄዱ በፊት አንድ ወረቀት ጻፈልኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መሣሪያው ጊዜው ስለሚጠፋበት ይጠይቃል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰዓት አስገባ ይላል። «ሰዓቱን በፈረንጅ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ሲመጣ መሣሪያው ጠየቀኝ። መነጽሬን አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሰዓቱን በፈረንጅ አስገባሁ፤ ስልክ ሥራ ላይ ተረኛ ሆኜ ስንት ዓመት የጻፍኩት ነው። ቀኑን አስገባሁ። ወሩን ስድስት አልኩት፤ የካቲት ስድስተኛ ወር ነው። ዓመቱን 1991 አልኩት። መሣሪያው እሺ አለ፤ አልተከራከረኝም። ጠዋት በሰዓቱ ጮኸ። ሚስቴን «አየሽ?» አልኳት፤ «አንቺ አይችልም ስትይ!»

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ከላዩ ላይ «አባዬ» የሚለውን በፈረንጅ ፊደል ልጄ አሳይታኝ ስለነበር ለየሁት። ከሥር ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፤ እሱ በኛም በእነሱም ጽሑፍ አንድ ነው።

«ምን ትላለች?» አለች ሚስቴ።

«ጥያቄ አለው።»

«ምን ብላ ነው የምትጠይቅ?»

«ምን ትጠይቃለች? ደህና ናችሁ ወይ ነው እንጂ።»

ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ደርሶናል፣ ደህና ነን።

ሁለተኛው መጣ። እሱም ጥያቄ አለው። ሦስተኛው አጠር ያለ ነበር፤ የጥያቄ ምልክቱ ሦስት ነው፣ ተደርድሮ። ሚስቴ ከወንበሯ ተነሣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሰላምታ አይደለም። ልምጣ ወይ ብላ ቢሆንስ?»

«ገና ነው። ሚያዝያ መጨረሻ አይደል ወሯ?»

«እርጉዝ ሴት ወሯ ሲገባ ነው እንዴ መንገድ የምትነሣ? ጎረቤትየውን ጥራልኝ፣ ያንብብልን።»

ጎረቤትየው ያለችው አጥር የሚያዋስነንን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። የቀበሌ ኮሚቴም ነው። አማቼ የተወሰደ ሰሞን ስም ዝርዝር ከቀበሌ ወጣ ተብሎ ይወራ ነበር። እሱ ይጻፈው ሌላ ይጻፈው አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ ላይ ሰላም ሲለኝ አንገቴን ብቻ ነበር የምነቀንቅለት።

«የልጄን ደብዳቤ የቀበሌ ሰው አያነበውም» አልኳት።

«ሌላ ሰው ፈልግ እሺ።»

«የቱን ሰው? የትኛውን ታምኚያለሽ? ቃል የገባው ልጅ ይመጣል፣ ያነባል። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«ግትር!»

«ነኝ።»

አራተኛውም መጣ። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ተጫንኩለት። ሚስቴ በዚያ ቀን አላናገረችኝም፤ ገብሱን አውጥታ ታበጥር ነበር።

በሚያዝያ መባቻ ባልደረባዋ ከክፍለ ሀገር ስልክ ደወለ። ድምፁ ሩቅ ነው፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ እርጥበት ገብቶበታል፣ ይሰማኛል።

«አባባ፣ ደብዳቤ መጣ?»

«አራት።»

«እሰይ! ቅዳሜ እደርሳለሁ፣ አንድ ላይ አነብልዎታለሁ። መብራት አላስቸገረም?»

«አንዴ ጠፋ፤ አስተካከልኩት።»

«ሰዓቱን በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

«ጎበዝ! ቀኑስ አሁን ምን ይላል? እስቲ ያንብቡልኝ።»

አነበብኩለት። ሳቁ መጣ።

«አባባ! ፈረንጁን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎተቱት እኮ!»

«ዘጠና አንድ አይደለም እንዴ?»

«የኛ ነዋ! የነሱ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ወሩም ሌላ ነው። ቆይ አንድ በአንድ ልንገርዎ፣ ይጻፉ።»

እኔም ሳቅሁ። ሚስቴ ምን ሆናችሁ ብትለኝ ነገርኳትና እሷም ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች። እሱ በስልክ እየነገረኝ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አቃናሁ። ሁለታችንም ከዚህ ያለፈ ነገር አላሰብንም።

በማግስቱ ሐሙስ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት መሣሪያው ጮኸና ዝም አለ። ጥግ ላይ ያሉትን ደብዳቤዎች ብዛት በቁጥር ያሳያል፤ ባልደረባዋ አንብቦ የጨረሳቸውን ለብቻ አኑሮ ስለሄደ፣ ትናንት አራት ነበር።

«አንድ» አልኩ።

«አንድ ጨመረ? አምስት ሆነ?» አለች ሚስቴ።

«አንድ ነው የሚለው። አንድ ብቻ።»

«አራቱስ?»

አላውቅም። ሽቦ ነው ብዬ ፒንሳዬን ይዤ ወጣሁ። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ከእንጨቱ እስከ ጓዳው ክንድ በክንድ ዳሰስኩት። ሽቦዬ ምንም አልሆነም። ወርጄ ያንን አንድ ደብዳቤ ከፈትኩት። ከላዩ «አባዬ» የሚል የለም። ጥያቄም የለውም። አጭር ነው።

ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ልማድ ነው፤ ደብዳቤ ሲመጣ እጫናለሁ።

ቅዳሜ ባልደረባዋ ከመንገዱ አቧራ ጋር በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። ሚስቴ ገበያ ወጥታ ነበር። አራቱ ጠፍተው አንድ ቀርቷል ስለው ግር አለውና ተቀመጠ። ያንን አንዱን ከፍቶ ሁለት መስመር ያህል አነበበ መሰለኝ፤ እጁን ከመሣሪያው ላይ አነሣ።

«አባባ፣ እስቲ ውጭ እንውጣ።»

«አንብበው።»

«እትዬ ይምጡ፤ ሰውም ይጠራ።»

«ልጄ፣ በኔ ሽቦ ነው የመጣው። አንብበው።»

መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ጧት በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ ነው። ልጁ ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ውጭ እንውጣ ያለኝ። እኔ ግን ያዝኩት። አነበበልኝ።

የጻፈው አማቼ ነው። ልጄ በስምንተኛ ወሯ ደም ፈሷት ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ልጅቷ በሕይወት አለች። እናቷ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ከዚያ በታች ያለውን ባልደረባዋ ሊዘልብኝ ፈለገ፤ አላስዘለልኩትም። አማቼ እንዲህ ይላል። ለአራስነት ልምጣ ወይ ብላ አራት ጊዜ ጠየቀቻችሁ። በሦስተኛ አገር የሚያሳልፋት ሰው አግኝታ ነበር፤ እናንተን እንዳላስቸግር ነው እንጂ እማዬ ጋ ልሁን አለቻችሁ። አራት ጊዜም ደርሶናል፣ ደህና ነን አላችሁ። እሷ አልተቀየመችም፤ አባዬ ፈርቶ ነው፣ ልክ ነው አለች። እኔም አልፈርድባችሁም።

ለዚህም ደብዳቤ ትናንት ጠዋት መልሱ ሄዶለታል። ደርሶናል፣ ደህና ነን።

ልጁ መሣሪያውን መነካካት ጀመረ። የጠፉትን እየፈለገ መሆኑ ነው። ድንገት ቆመ።

«ጠርጎታል» አለ። «አራቱ ደብዳቤ ሲገባ መሣሪያው ዘጠና አንድ ነው ብሎ መዘገባቸው። ዓመቱን ስናቃናው ስምንት ዓመት የቆዩ መሰሉት። ሁለት ወር ያለፈውን ያጠፋል አይደል…» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኝ። በስልክ አቅኑት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ዘጠና አንድ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሂድና እረፍ። ለማንም አትናገር፤ ነገ ጧት እስኪነገር።»

የመጨረሻ ቃሏን አላነበብኩትም። ጽሑፉን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ መልኩን አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። እንደ ሥዕል ገልብጬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ወረቀትም እርሳስም አጠገቤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፉሪ በኩል ሄድኩ። የእድራችን ዳኛ ከአባት የወረሰውን መሬት ገና የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ግማሹን ቤት ሠርተውበት ግማሹ ቀርቶታል። ጓል እየሰበረ አገኘሁት።

«ኦቦ፣ ምን ሆነህ ነው? ፊትህ ጠፍቷል» አለኝ።

ነገርኩት። ዶማውን ጣለ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ። ነገ ጧት ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ። አንተ ቤትህ ሁን፤ ከሚስትህ ጋር ተረዳ።»

«እኔ ነኝ የማረዳት።»

«አብደሃል? መርዶ የሚረዳ አባት እንጂ የሚያረዳ አባት አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«እናንተ የምትነግሯት ሞቷን ነው። እኔ የምነግራት ሌላ አለኝ። እሱን ከኔ ሌላ ማንም ሊነግራት አይችልም።»

«ከቀብሩ… ከለቅሶው በኋላ ንገራት። ሲረጋጋ። ማን ይጠይቅሃል?»

«ያኔ አልነግራትም። ራሴን አውቃለሁ፤ ዛሬ ካልነገርኩ እስክሞት ዋሽቼ ነው የምኖር።»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አየኝ። «አንተን እንጨት ላይ ሳውቅህም እንዲሁ ነበርክ» አለ። «አሥራ ሁለት ሳይሞላ ከመንገዱ ጥግ እንገናኝ።»

ማታ ሚስቴ «ልጁ መጣ ወይ? ምን ብሎ አነበበ?» አለችኝ። መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበታል፣ ነገ ይደርሳል አልኳት። እስኪነጋ መደበቅ ወግ ነው፤ ያን ውሸት እንደ ኃጢአት አልቆጥረውም። እራት አቀረበች፤ በላሁ። በልቶ የማያድር ሰው ትጠረጥራለች። የበላሁት ምን እንደነበረ አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ ብዬ ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ዳኛውና ሦስቱ ሽማግሌዎች ጥጉ ላይ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። አብረን ወደ ቤቴ ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ መሣሪያው መጮህ ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። በዚያ ሰዓት የት እንደተቀመጠች አውቃለሁ። ዝም እስኪል ጠበቅን። ዳኛው እጁን ወደ በሩ አነሣ፤ ያዝኩትና ራሴ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«የገዛ በርህን ታንኳኳለህ እንዴ? ይልቅ ና፣ ቁጥሩን እይልኝ፤ ዛሬ መጥታለች መሰለኝ።»

ከፈተችው። እኔን አላየችም፤ ከኋላዬ ያሉትን አራት ሰዎች ነው ያየችው። አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን ገና አልወጣትም። ከመጮኋ በፊት ሁለት እጇን ያዝኩና «ልጃችን ልምጣ ወይ ብላ ጠይቃን ነበር፤ አራት ጊዜ። ሳላውቅ ደህና ነን ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ» አልኳት።